እታለም ለሁለት ሰው «እሺ» ብላለች፤ የለንደን ምርጫ የሚያውቅ ይምከረን

የሆጤው ጸሐፊ (ደሴ)፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2018

ሰላም ወገን፣ እንዴት ከረማችሁ። ፋሲካን ለዋላችሁ እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ጎረቤት ቤት ስንበላ ዋልን። ለእኛ ለሙስሊሞቹ በጉን ለብቻ አሳርደው፣ ድስቱንም ለይተው ነው የጠበቁን። ዛሬ የፎቶ ኮፒ ሱቄን ከፍቼ ብቀመጥም እስካሁን የገባው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ዝርዝር ፈልጎ ነው። ስለዚህ ከአርብ ጀምሮ ሲከነክነኝ የሰነበተውን ልጠይቃችሁ።

ታላቅ እህቴ ለንደን ናት። ቤተሰቡ በሙሉ እታለም ነው የሚላት። ከሄደች ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ዜግነት ያገኘችው ግን አምና ነው። ሁልጊዜ አርብ ከጁምዓ መልስ ትደውላለች። ወሬያችን የታወቀ ነው። የእናታችን ጉልበት፣ የዘይት ዋጋ፣ ማን ታመመ፣ ማን ልጅ ዳረ። ያለፈው አርብ ግን ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳትጨርስ «ምርጫ መጥቶብኝ ጭንቅ ላይ ነኝ» አለች።

የምትኖርበት ቦሮ (ስሙ ይቅር) የካውንስል ምርጫ አለው። ቀኑ በእነሱ ሜይ 7፣ በእኛ ሚያዝያ 29፣ ሐሙስ ነው። «አንተ የቅሬ ጸሐፊ ነህ፣ የምርጫ ነገር ታውቃለህ» አለችኝ። ለማያውቅ ሰው፦ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የእኔ የምርጫ እውቀት እንግዲህ «ዘንድሮ ድንኳኑን ማን ይያዝ» የሚለው ላይ ያበቃል። ብነግራት አልሰማችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ፣ ቡና እየቆላች ሳለ በሯ ተንኳኳ። ሸምገል ያለ ሰውዬ ነው፤ ኮቱ ላይ የፓርቲውን ቀይ የጨርቅ አበባ ለጥፏል። ተወዳዳሪ ነኝ አላት። «ቤቴ ድረስ የመጣን ሰው ደጅ አቁሜ ላናግር እንዴ?» ትላለች። አስገባችው። የመታጠቢያ ቤቷ ጣሪያ ላይ ያለውን ሻጋታ አሳየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያመለከተችበት ነገር ነው፤ በነጭ ቀለም ትሸፍነዋለች፣ በወሩ ጥቁር ሆኖ ብቅ ይላል። ሰውዬው ደብተሩ ላይ ጻፈ። አቦሉን ጠጣ። ቶናውን ጠጣ። ከዚያ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ሲጠብቁት ነበርና ተነሣ። «በረካውን ሳይቀምስ ሄደ» እያለች እስካሁን ይቆጫታል። ሲወጣ «ድምፅሽን እንተማመንበት?» አላት። «እሺ» አለች።

በአራተኛው ቀን ሌላዋ መጣች። ዝናብ ይጥላል። ልጅ እግር ናት፣ አረንጓዴ አበባ ለጥፋለች፣ ሕፃን ልጇን ደረቷ ላይ በጨርቅ አስራዋለች። እንደኛ ጀርባ ላይ አይደለም፣ ደረት ላይ። የሕፃኑ እግር ከጨርቁ ወጥቶ ዝናብ ይመታዋል። እታለም አላስቻላትም፤ ፎጣ አምጥታ እግሩን አደረቀችለት። ለእሷም «እሺ» አለቻት።

በዚህ ላይ መስጊድ በር ላይ አንድ የምታውቀው ሰው «የእኛ ሰዎች በሙሉ እገሌን ነው የምንመርጠው» ብሏታል። እሱን «ኢንሻአላህ» ብላ አልፋዋለች። «ኢንሻአላህ እንኳን መውጫ አለው፤ እሺ ግን ቃል ነው» አለችኝ። ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው። እናታችን ያሳደገችን እንደዚያ ነው።

እንግዲህ የምታውቁ ንገሩኝ። ይኼ ካውንስል የሚሉት እንደ ቀበሌ ነው፣ እንደ ወረዳ ነው ወይስ ፓርላማ? ለሁለቱም መስጠት ይቻላል? ማንን እንደመረጠች ሰዎቹ ያውቁባታል? ገና የእንግሊዝ ፓስፖርት አላወጣችም፤ ክፍያው ከብዷት ነው። ያለ ፓስፖርት ያስመርጧታል? ሂጃብ ለባሽ ናት፤ እሱስ ችግር አለው?


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ይኼማ ቀላል ነው። በረካ ሳይጠጣ የወጣ ሰው ውሉን ራሱ ነው ያፈረሰው። ድምፁ ለባለ ሕፃኗ ይሁን። ቀጣይ ጥያቄ!

ግን እታለም ታድለው። እኔ ቤት ተንኳኩቶ የሚመጣው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው።


ሐይቅ ዳር (ለንደን)

ጋሼ ጸሐፊ፣ እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። እዚህ ሁለት ጊዜ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ መዝገብ ላይ ስም ፈልጎ በማስመሪያ መሰረዝና ወረቀት ማቀበል ነበር። ጣቢያው ጠዋት አንድ ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ አራት ሰዓት ይዘጋል፤ ከወንበር የምትነሣው ለሽንት ብቻ ነው። ስለዚህ የማወራው ከሰማሁት አይደለም።

መጀመሪያ፣ ፓርላማ አይደለም። ለንደን 32 ቦሮ አላት፤ መሐል ላይ ያለችው «ሲቲ» የምትባለው ትንሽ ቦታ ለብቻዋ ናት። ቦሮ ማለት በእኛ ክፍለ ከተማ በለው። ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት መቶ ሺህ ሰው ይኖርባቸዋል። ቦሮው ዋርድ በሚባሉ ሰፈሮች ይከፈላል። እያንዳንዱ ዋርድ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ካውንስለር ይልካል። ለንደን ውስጥ በየአራት ዓመቱ ሁሉም ወንበር በአንድ ቀን ነው የሚመረጠው። ያለፈው በፈረንጆች 2022 ነበር።

ካውንስሉ ቆሻሻ ያነሳል፣ ቤተ መጻሕፍትና መናፈሻ ያስተዳድራል፣ አረጋውያንን ይንከባከባል፣ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፣ መኪናህን በማይሆን ቦታ ካቆምህ ይቀጣሃል። ካውንስል ታክስ የሚባለውንም እሱ ነው የሚሰበስበው። (እሱን የሚተምኑት ቤቱ በ1991 ስንት ያወጣ ነበር ብለው ነው። እስከ ዛሬ! ይኼን ለማንም ሐበሻ ነግሬ ያመነኝ የለም።) ቪዛና ሆስፒታል ግን የእሱ ጉዳይ አይደሉም። ሰው በር ላይ ስለ ቪዛ ሲለምናቸው አይቻለሁ።

የእታለም ቤት የካውንስል ከሆነ፣ ማለትም የእኛ የቀበሌ ቤት ዓይነት ከሆነ፣ ሻጋታው በትክክል የእነሱ ዕዳ ነው። ለዚያ ደግሞ ምርጫ መጠበቅ የለባትም። አሁን ወንበር ላይ ያሉት ካውንስለሮች ሕዝብ የሚያነጋግሩበት ቀን አላቸው፤ ሄዳ ፎቶውን ታሳያቸው።

መታወቂያ። ከ2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ፎቶ ያለው መታወቂያ ሳይዙ ጣቢያ ገብቶ መምረጥ የለም። ፓስፖርት ግን ግዴታ አይደለም። ዕድሜዋ ስንት ነው? ከ60 ካለፈች ለአውቶቡስ በነፃ የምትሄድበት ፎቶ ያለው ኦይስተር ካርድ አላት፤ እሱ በቂ ነው። የሚገርመው የተማሪዎቹ ኦይስተር አይሠራም። አንዲት ልጅ ያንን ይዛ መጥታ መልሰናታል፤ ፊቷ እስካሁን አይረሳኝም። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ ለዚሁ ብቻ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት በነፃ ያወጣል። ማመልከቻው እስከ ኤፕሪል 28 ነው፣ ሚያዝያ 20 መሆኑ ነው።

በፖስታ የሚመጣው የምርጫ ካርድ እንደ አገር ቤቱ አይደለም። ቢጠፋ፣ ቢረሳ፣ ልጅ ቢቀደው ግድ የለም። ዋናው ስሟ መዝገብ ላይ መኖሩ ነው። ካርድ ከመጣላት አለች ማለት ነው፤ ካልመጣላት እስከ ኤፕሪል 20፣ ሚያዝያ 12፣ ትመዝገብ። ሳምንት ነው የቀራችሁ። አንድ ምክር፦ ስሟን ሲጠይቋት የአያቷን ስም ቀድማ ትጥራ። እዚህ የቤተሰብ ስም የሚሉት እሱን ነው። ብዙ ሐበሻ የራሱን ስም ጠርቶ «የለህም» ሲባል ቆሞ ይደነግጣል።

ሂጃብ ምንም ችግር የለውም፤ የሚታየው ፊት ነው። ኒቃብ ብትለብስ እንኳን ሴት ሠራተኛ ጠይቃ ለብቻ ከመጋረጃ ኋላ ማሳየት መብቷ ነው። መልሳ የምታስተካክልበት መስታወትም ይቀመጣል።

አሁን ወደ ጭንቀቷ። በዋርዷ ሦስት ወንበር ካለ ሦስት ሰው መምረጥ ትችላለች! ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የተወዳዳሪዎቹ ስም በፊደል ተራ ተዘርዝሯል፤ በምትፈልጋቸው ትይዩ በእርሳስ የኤክስ ምልክት ታደርጋለች። ሁሉም ከአንድ ፓርቲ ይሁኑ የሚል ሕግ የለም። ቀዩንም አረንጓዴዋንም መምረጥ ትችላለች። ከሦስት ማነስ ይቻላል። አራተኛ ኤክስ ግን ወረቀቱን በሙሉ ያበላሻል። ስሟንም አትጻፍ፣ አትፈርም፤ ማንነቷን የሚያሳይ ጽሑፍ ካለበት ይጣላል።

ማንም አያውቅባትም። ከጣቢያው ውጭ አበባ የለጠፉ ሰዎች የመራጭ ቁጥሯን ሊጠይቋት ይችላሉ። እነሱ የሚፈልጉት «መጥታለች» የሚለውን እንጂ ማንን እንደመረጠች አይደለም። መመለስም ግዴታዋ አይደለም።

የመስጊድ በሩን ሰው በተመለከተ አንድ ታሪክ ልንገርህ። ምሥራቅ ለንደን ታወር ሃምሌትስ በሚባለው ቦሮ በ2014 የከንቲባ ምርጫ ነበር። 101 ኢማሞችና ዑለማዎች የፈረሙበት «ሉትፉር ራህማንን ምረጡ» የሚል ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2015 የምርጫ ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘው፣ ሰውየውንም ለአምስት ዓመት ከመወዳደር አገደው። ከተቆጠሩት ጥፋቶች አንዱ ሃይማኖትን ተጠቅሞ መራጭን መጫን ነበር። (በ2022 ተመልሶ ተወዳድሮ አሸነፈ። እሱ ሌላ ወሬ ነው።) ስለዚህ ኢንሻአላህ ብላ ማለፏ ደህና አድርጋለች።

ቡናው ደግሞ አያስጨንቃት። ድምፅ ለማግኘት ብሎ መራጭን ማብላት ማጠጣት ነው እዚህ ወንጀል። እሱ ቢያጠጣት ነበር ነገር። እሷ ብታጠጣው እንግድነት ነው።


ጦሳ (ደሴ)

ይኼ ሁሉ ጽሑፍ ለአንድ እርሳስ ጭረት? ምነው ይኼን ያህል ተጨነቃችሁ።

እኔ የቀበሌ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥኩት ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ ልጄ አንደኛ ክፍል ነበረች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ናት። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝም የለ፣ ቤቴን ያንኳኳም የለ። መንገዱም ያው መንገድ ነው። ለንደንም ይሁን ሸዋበር፣ የተመረጠ ሰው የመረጠውን ይረሳል። ሻጋታውን በበረኪና ትጠበው።


የሆጤው ጸሐፊ (ደሴ)

ሐይቅ ዳር፣ አላህ ይስጥልኝ። አንድ በአንድ በደብተር ገልብጬዋለሁ። ዕድሜዋ 62 ነው፤ ካርዱም አላት፣ ፎቶውን ልካልኛለች። እንደ ፓስፖርት ፎቶ ኮስተር ብላበታለች።

ጦሳ፣ ወንድሜ፣ በረኪናውን ሞክራዋለች።

ለምን እንደተጨነቅኩ ልንገርህ። ጭንቀቱ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2009 የቅሬያችንን ዳኛ መረጥን። እንዴት እንደምንመርጥ ታውቃለህ፤ ሜዳ ላይ ተሰብስበን፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ከዚያ እጅ ማውጣት ነው። ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ በቀኝ ግድግዳዬ፣ አንዱ በግራ ግድግዳዬ ይኖራሉ። ሁለቱም ማታ ማታ ቤቴ መጥተው «አለህልኝ አይደል?» ብለውኛል። ሁለቱንም «አብሽሩ» ብያቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡን ይዤ ከፊት ቆሜ እጅ የምቆጥረው እኔ ነኝ።

የቀኙ ተጠራ። እጄን አወጣሁ። በግራ እጄ እስክሪብቶ፣ ቀኝ እጄ ወደ ላይ። ቀና ስል የግራው ጎረቤቴ ዓይን ላይ ወደቅኩ። ምንም አላለም። እጄን ብቻ አየ። በሦስት ድምፅ ተሸነፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና አልተጠራራንም። ሰላምታ አለ፣ ግን የበር ላይ ሰላምታ ነው። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ ይላላኩ የነበረው ቀረ፤ ቀዳዳውን ቆርቆሮ መታበት። ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ ቆየን። ከዚያ አባቴ ሞተ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸቱን ሰምቶ መጀመሪያ የገባው እሱ ነው። ቃሬዛውን ከፊት ይዞ እስከ መቃብሩ ማንም እንዲቀይረው እንቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮውን ራሱ ነቀለው። ስለዚያ እጅ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።

እኔና እታለም ያደግንበት ምርጫ ይኼ ነው። «ማንም አያውቅብሽም» ብዬ ብነግራት ቃሉን ትሰማዋለች እንጂ ልቧ አይቀበለውም። ሰው ያላየው ምርጫ እንዴት ያለ እንደሆነ አናውቀውማ።


የባቲ ልጅ (ካርዲፍ)

ጋሽዬ፣ የቆርቆሮው ነገር አስለቀሰኝ። አባትህን ጀነት ይወፍቃቸው።

እኔ የምኖረው ዌልስ ነው። እዚህ የሚገርም ነገር አለ። ዜግነት የለኝም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው ያለኝ። ግን በ2022 የካርዲፍን ካውንስል መርጫለሁ። ዌልስና ስኮትላንድ በሕጋዊ መንገድ የሚኖርን የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ያሳትፋሉ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ። እንግሊዝ ግን አይደለም። እዚያ ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ ጎረቤቷ አገሩ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የእንግሊዝ የድሮ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባል ስለሆነ ከእሷ ቀድሞ ሲመርጥ ኖሯል። እታለም ሃያ ዓመት ታክስ ከፍላ፣ አገሯ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስላልነበረች ተቀምጣ ስታይ ኖራለች። በዓድዋ መኩራት እንዲህ ዋጋ ያስከፍላል።

ጋሽ ጦሳ፣ የአንድ እርሳስ ጭረት ነገር፦ በ2017 በሰሜን እንግሊዝ ኖርዘምበርላንድ፣ ሳውዝ ብላይዝ የሚባል ዋርድ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ድምፅ አመጡ። ደግመው ቢቆጥሩም እኩል። ሕጉ እጣ ይላልና ገለባ አስመዘዟቸው! የሊበራል ዴሞክራት ፓርቲዋ ተወዳዳሪ ረጅሙን መዘዘች። በዚያች ገለባ ምክንያት ተፎካካሪዎቹ ኮንሰርቫቲቮች ካውንስሉን ለብቻቸው ለመያዝ አንድ ወንበር ጎደላቸው። አንዲት እታለም ብትጨመር እኮ ገለባ ባላስፈለገ። ዌስትሚንስተር የሚባለው የለንደን ቦሮም ከ1964 ጀምሮ ከኮንሰርቫቲቭ እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ በ2022 ሌበር የሚባለው ፓርቲ 31 ወንበር ለ23 ወሰደው። አይለወጥም የሚባል ነገር ይለወጣል።

ስለ «እሺ» ደግሞ እኔ ራሴ አበባ ለጥፌ በር አንኳኩቻለሁና ልንገራችሁ። የመንገዱ ዝርዝር እጃችን ላይ ነው። ሰው ሲያናግረን ከስሙ ጎን ምልክት እናደርጋለን፤ የእኛ፣ የሌላ፣ ያልወሰነ። እታለም የሁለት ፓርቲ ወረቀት ላይ «የእኛ» ተብላለች ማለት ነው። በምርጫው ቀን ማታ ካልመጣች ሁለቱም ቤቷ ይመጣሉ! ያኔ ቡና እንዳታፈላ። ግን ማንም ያንን ምልክት እንደ ቃል ኪዳን አይቆጥረውም። እዚህ ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ስለማይወድ «አስብበታለሁ» ይልሃል፤ ያ ማለት አልመርጥህም ማለት ነው። እኛ «እሺ» እንላለን፣ እነሱ «አስብበታለሁ» ይላሉ። ይሉኝታው አንድ ነው።

ስለዚህ ቢጨንቃትም ኃጢአት አይደለም። መሐላ አልማለችም።


ሐይቅ ዳር (ለንደን)

ሳልጽፈው የቀረ አንድ ነገር አለ፤ የባቲ ልጅ በር ያንኳኳሽ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ።

ሦስት ኤክስ አለሽ ማለት ሦስቱንም ሙዪ ማለት አይደለም። ከሁሉም ድምፅ የበዛላቸው ሦስቱ ያልፋሉ። እንበልና ቀዩ ሰውዬና ባለ ሕፃኗ ለሦስተኛዋ ወንበር ተናነቁ። እታለም ሁለቱም ላይ ኤክስ ካደረገች በመካከላቸው ምንም አላለችም። አንዱን አምስት ብር ሰጥቶ ሌላውንም አምስት ብር እንደ መስጠት ነው፤ ልዩነታቸው ያው ነው። ከልቧ የምትፈልገው አንድ ሰው ካለ፣ ለእሱ ብቻ ሰጥታ ሌላውን ባዶ መተው ያጠነክረዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ቃልን መጠበቅ ነው ወይስ የሚፈልጉትን ማሳለፍ? ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ይኼንንም ንገራት። ከቦሮዎቹ አምስቱ ውስጥ (ሀክኒ፣ ሉዊሻም፣ ኒውሃም፣ ታወር ሃምሌትስ፣ ክሮይደን) የምትኖር ከሆነ ደግሞ ለከንቲባ ሌላ ወረቀት ይሰጣታል። እዚያ ኤክስ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ጋ ከንቲባ የሚባለው አንገቱ ላይ ሰንሰለት አድርጎ ሪባን የሚቆርጠው ነው፤ እሱን የሚመርጡት ካውንስለሮቹ ናቸው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ለሁለት ሰው አምስት አምስት ብር ሰጥታ አምስቱን ለራሷ ታስቀረው ማለት ነው። ገባኝ። ግን ሰውዬው ተመልሶ ቢመጣ በረካውን ታጠጣዋለች ወይ?


የሆጤው ጸሐፊ (ደሴ)፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2018

ትናንት ደወለች። ሱቅ ዘግቼ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። የባሪያ ሻጭ ደላላ እንኳን እንዲህ አይዘረዝርም አለች። የኦይስተሩ ነገር ሲደርስ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ስለ ኮመንዌልዙ ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «ለካ ለዚህ ነው ጎረቤቴ ናይጄሪያዊቷ በየጊዜው ትሄድ የነበረው» አለች። መዝገብ ላይ አለች፣ ካርዱም ፍሪጇ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ዋርዷ ሦስት ወንበር ነው። የከንቲባ ወረቀት የለባትም።

የአምስት አምስት ብሩን ምሳሌ ግን አልወደደችውም። «ቃልን በብር አትመንዝሩብኝ» አለች።

አሁን የሠራችውን ስሙ። የባለ ሕፃኗ ወረቀት ላይ ስልክ ነበረ። ረቡዕ ዕለት ደወለችላት። «ልጄ፣ ለአንቺም ለሌላ ሰውም እሺ ብያለሁ፤ አውፍ በይኝ» አለቻት፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳለችው እኔም አልገባኝ። ልጅቷ መጀመሪያ አልተረዳትም። ሲገባት ሳቀች። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ደውሎ ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም አለቻት። ከዚያ የሕፃኑ እግር እንዴት እንደሆነ እታለም ጠየቀች፤ ስለ ጣሪያው ልጅቷ ጠየቀች። አሥራ አምስት ደቂቃ አወሩ።

ለሽማግሌውም ደውላ ነበር፤ አላነሣም። በመልእክት ሳጥኑ ላይ ምን ብላ እንደተናገረች እንኳን አልጠይቃት አልኩ።

በመጨረሻ «እንግዲህ እኔ የማደርገው…» ብላ ልትነግረኝ ስትጀምር አስቆምኳት። «እታለም፣ አትንገሪኝ» አልኳት። «ለምን? ወንድሜ አይደለህ?» አለች። ስለ ቀኝ እጄ ስለማታውቅ ነው፤ ያኔ ለንደን ነበረች፣ ማንም አልነገራትም። ነገርኳት። ቆርቆሮውን ስደርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኩ። «አለሁ» አለች። ከዚያ ስለ እናታችን ጉልበት ጠየቀችኝ።

ቦርከና፣ ስለ በረካው ጠይቄልሃለሁ። ስኒውን ለይታ አስቀምጣለታለች።